ቡና የሚሸተው ሳንቲም

ባሕር አይቼ አላውቅም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውሃ የጊቤ ግድብ ነው፤ ያውም አዲስ አበባ ስሄድ ከአውቶቡስ መስኮት። እንዲህም ሆኖ ጅማ ውስጥ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለችው ቤቴ፣ ስማቸውን በወጉ መጥራት የማልችላቸውን ደሴቶች ገንዘብ አስቀምጫለሁ። ቱቫሉ፣ ኒውዌ፣ ኩክ ደሴቶች፣ ፓላው። ካርታ ላይ የፈለግኳቸው በአጉሊ መነጽር ነው። ማጋነኔ አይደለም፤ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስላለኝ ለተማሪ ከምሸጠው አንዱን ከመደርደሪያ አውርጄ ነው የፈለግኳቸው። አንዳንዷ ደሴት ነጥብ ናት፤ ዝንብ ካርታው ላይ ብታርፍ አገሩን በሙሉ ትሸፍነዋለች።

የጀመረኝ በአንድ እንግዳ ነው። ስለ ጫካ ቡና ሊያጠና የመጣ ፈረንጅ ለሳምንታት እኔ ጋ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሲያስደርግ ቆየና ሊሄድ ሲል መርከብ የተሳለበት ትልቅ ሳንቲም ሰጠኝ። መጀመሪያ ሜዳሊያ መሰለኝ። ዙሪያውን ሳነበው «ቱቫሉ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ስንት ዶላር እንደሆነ ተጽፏል። ዶላር የሚለውን ያየ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይዤው ባንክ ሄድኩ። የውጭ ምንዛሪ ክፍሉ ያለችው ልጅ አገላብጣ አየችውና «እናቴ፣ ይሄ እኛ ከምንቀበለው ውስጥ የለም» አለችኝ።

«ገንዘብ ነው ተብሎ ተጽፎበት የለ?»

«ተጽፎበታል። ግን አይሠራም።»

ገንዘብ ሆኖ የማይሠራ ነገር እንዴት ይኖራል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ውሸት ነው፤ ሥራ ግን አስፈታኝ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ስልኬን ሳነብ እገኛለሁ። ሳነብ የደረስኩበት ነገር ደግሞ ይብስ አስገረመኝ። የደሴቲቱ ሰዎች ዳቦ የሚገዙት በሌላ አገር ገንዘብ ነው። በስማቸው የወጣውን ይህን ሳንቲም ብዙዎቹ ዓይተውት አያውቁም። የሚመታው ሩቅ አገር ባለ ፋብሪካ፣ የሚሸጠውም ሩቅ አገር ላለ ሰብሳቢ ነው። ደሴቲቱ ስሟን ታከራያለች፤ ኪራዩን ትቀበላለች፤ በቃ።

ከዚያ ወዲያ አልተላቀቅኩም። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ቴምብርና ሳንቲም የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ በስልክ ተወዳጀን። ብዙ ገንዘብ የለኝም፤ ፕላስቲኩ የተሰነጠቀውን፣ ጠርዙ የተጫረውን፣ ሌላ ሰብሳቢ የማይፈልገውን እየለዩ በአውቶቡስ ይልኩልኛል። በረዶ ወድቆባት በማያውቅ ደሴት ስም የወጣ፣ ነጭ ድብ የተሳለበት ሳንቲም አለኝ። ሐዲድ በሌላት አገር ስም የወጣ ባለ ባቡር አለኝ። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ስባሪ የተለጠፈበትም አለ፤ እሱን ሽማግሌው አደራ ብለው ልከው ለጥቂት ቀን አሳዩኝ እንጂ የእኔ አይደለም። የመታሰቢያ ሳንቲም ይባላሉ። የሚያስታውሱት ግን ሁልጊዜ የሌላውን ነገር ነው፤ የሌላውን ሠርግ፣ የሌላውን ጦርነት፣ የሌላውን አውሬ። ደሴቶቹ የራሳቸው የሚያስታውሱት ነገር የላቸውም ወይ እያልኩ እናደዳለሁ። ሽማግሌው «አንቺ ደግሞ ነገር ታከርሪያለሽ፤ ሥዕሉን አይተሽ ተደሰቺ» ይሉኛል።

በዚህ ነገር የሚቀልድብኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ ውስጥ፣ ከገበሬ ቡና እየገዛ ለላኪዎች በሚያቀርብ አንድ ነጋዴ ዘንድ ቀማሽ ነው። ገበሬው ቡናውን ያመጣል፤ ከጆንያው ናሙና ይወጣል፤ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይቀመሳል። ወንድሜ «ይህን ያህል ነው» ብሎ ደረጃውን ይጽፍና ይፈርማል። ዋጋው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ሲያርም፣ ሲለቅም፣ ሲያሰጣ የከረመበት ነገር በእሱ አፍንጫና ምላስ ያልፋል ማለት ነው። ሰቃም ሆነ ደዶ ብትሄዱ «ቀማሹ» ሲባል ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የቀማሹ እህት ነኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ይለቀቅልኛል።

«በገንዘብ ገንዘብ የምትገዛ ሴት ካንቺ ሌላ አላየሁም» ይለኛል። «ያውም ዳቦ የማይገዛ ገንዘብ።»

አንድ ቀን ሽማግሌው ደወሉ። «ለጅማ ሰው የሚሆን ነገር አለኝ» አሉ።

«ምንድን ነው?»

«ቡና የሚሸት ሳንቲም።»

በዕድሜያቸው መቀለድ የጀመሩ መሰለኝ። የምራቸውን ነበር። ፓላው በምትባል ደሴት ስም የወጣ ነው፤ ሥዕሉ የተቀባበት ቀለም ውስጥ ሽታ አለ፤ በአውራ ጣት አሸት አሸት ሲያደርጉት ቡና ይሸታል አሉኝ። ኮኮናት የሚሸትም፣ የባሕር ነፋስ የሚሸትም አለ አሉ። የባሕር ነፋስ ምን እንደሚሸት ስለማላውቅ እሱን ባገኘው ምንኛ በወደድኩ። ግን የቡናው ነው የተገኘው። ላኩልኝ አልኳቸው፤ ዋጋው ላይ እንኳ ሳልከራከር። እንደኔ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከአውቶቡስ ተራ ተቀብዬ ሱቄ ገብቼ ፈታሁት። ከአንድ ብር ሳንቲማችን ሰፋ ይላል። በአንድ ወገን ጢማም ሽማግሌና ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ሴት አሉ። በሌላው ወገን በቀለም የተሳለ የቡና ቅርንጫፍ አለ፤ ፍሬው ቀልቷል፤ ያምራል። ደጋግሜ ሳየው ግን ቅር አለኝ። ቅጠሎቹ አንዱ በግራ፣ አንዱ ከፍ ብሎ በቀኝ ወጥተዋል። የቡና ቅጠል እንደዚያ አይወጣም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው። ጅማ ያደገ ሕፃን ያውቀዋል። የሣለው ሰው ቡና በሲኒ እንጂ በዛፉ ላይ አላየም ማለት ነው። ሳቄ መጣ።

ከዚያ በአውራ ጣቴ አሸሁት። አሸተትኩት። ምንም የለም። እጄን ታጥቤ፣ አድርቄ እንደገና አሸሁት። ብረት ብረት ይላል። አጠገቤ ጨርቅ የሚሸጡትን ጎረቤቴን ጠራኋቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሽቶ ስለሚወዱ በአፍንጫቸው እተማመናለሁ። ሳንቲሙን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ።

«ፎሊ ሂን ቀቡ» አሉ፤ ሽታ የለውም ማለታቸው ነው። «ወላሂ፣ እህቴ፣ ይሄ ብረት ነው። ቡናው የታለ?»

«ውስጡ አለ ብለውኝ ነበር።»

«ሱብሃነላህ። ከውጭ መጥቶ ጅማ የሚሸጥ ቡና ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም የማይሸት» አሉና እየሳቁ ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ።

ልጄም አሸተተች፤ ምንም። ተናድጄ አዲስ አበባ ደወልኩ። ሽማግሌው ሳይደናገጡ አስረዱኝ። ሽታው ለዘላለም አይቆይም፤ በታሸ ቁጥር ያልቃል። እኔ ከመግዛቴ በፊት ሌላ ባለቤት ነበረው፤ ወስዶ አሽቶ አሽቶ ጨርሶታል። «ካልወደድሽው መልሺው፣ ልጄ» አሉ። አስብበታለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር ንዴቴ ቶሎ በረደ፤ ቦታውን ሌላ ጥያቄ ወሰደው። ምን ይሸት ነበር? የትኛው ቡና? ቡና አብቃይነቷን ሰምቼ በማላውቀው አገር ስም፣ ቅጠሉን እንኳ በማያውቅ ሰው የተሠራ ቡና እንዴት ያለ ሽታ አለው? ያን የሚያውቀው ሽታውን የጨረሰው ሰው ብቻ ነው።

እሑድ ወንድሜ ለምሳ መጣ። ሳንቲሙ ከነመያዣውና ከነምስክር ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሽሮውን ጥጄ፣ ከጓዳ ሆኜ ስለ ልጆቹ እየጠየቅኩት ነው። የሳንቲሙን ጉድ ምሳ ላይ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ሽታው ማለቁን ስነግረው የሚስቅብኝን ሳቅ እንኳ ገምቻለሁ። ውሃ ይዤ ስወጣ መነጽሩን አድርጎ የምስክር ወረቀቱን ያነባል።

«ቡና ይሸታል ይላል እኮ» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ሳንቲሙን ከመያዣው አውጥቶ ማሸት ጀምሯል። እንደ ሥራው አድርጎ ነው ያሸው፤ ቀስ ብሎ፣ በሁለት ጣት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።  ሌላ ሰው ሲያሸት ዝም ማለትን ከእሱ ነው የተማርኩት፤ ዝም አልኩ።

«የታጠበ ነው» አለ። «የኛ አይደለም። የኛ ከነልጣጩ የሚደርቀው ጀንፈል ከበድ ይላል፤ ይሄ ቀለል ያለ ነው። ጫፉ ላይ ሎሚ ሎሚ ይላል። ሲቆሉት ግን ትንሽ አሳርረውታል።»

ሳቅኩ። ከት ብዬ ነው የሳቅኩት። ወንድሜ ሲቀልድ ፊቱን አይለውጥም፤ ግራ ቅንድቡ ብቻ ትነሳለች። ቅንድቡን ጠበቅኩ። አልተነሳችም።

«ምን ያስቅሻል?» አለኝ፤ ቅር ብሎት።

ክው አልኩ። አፌ ላይ የመጣውን መልሼ ዋጥኩና «ቅጠሎቹ» አልኩት። «ቅጠሎቹን እያቸው፤ ተበላልጠው ነው የወጡት።» አይቶ እሱም ሳቀ፤ ሠዓሊው የቱ ላይ እንደተሳሳተ ሁሉ ዘረዘረልኝ። ስለ ቅጠሎቹ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር።

ሽሮው ማረር የጀመረው እዚያው እያለን ነው። ሽታው መጣብኝና ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ወንድሜ የተቀመጠው ከእኔ ይልቅ ለጓዳው በር ቀርቦ ነበር፤ በሩም ክፍት ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ሽሮው አሯል።»

«አሃ፣ አዎ» አለ፤ ትንሽ ዘግይቶ። «እኔም ሸቶኝ ነበር።»

ልቤን የሰበረው ይህች አነጋገሩ ናት። ድስቱን እየፋቅኩ ያለፉትን ወራት ወደ ኋላ አሰብኩ። ወተቱ ሊበላሽ አንድ ቀን ሲቀረው የሚያውቅ ሰው፣ ባለፈው የኮመጠጠውን ጠጥቶ አመስግኖኝ ሄዷል። ሽቶ ተቀብቼ አጠገቡ ስቀመጥ ይነጫነጭብኝ ነበር፤ ምላሴ ተበላሸ ይል ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። ሚጥሚጣ ሲያበዛ ደግሞ ዕድሜ ነው ብዬ ነበር።

እኔ ጠይቄ የማላፍር ሰው ነኝ። ሰው ደመወዙን፣ በሽታውን፣ የሚስቱን ቤተሰብ ሁሉ ይነግረኛል፤ ስለምጠይቅ። ይህን ግን መጠየቅ አቃተኝ። እኔ ብጠይቅና አዎ ቢለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይሆናል? ሰቃ ያለው ጠረጴዛ የሕይወቱ ሥራ ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ሌላ ስምም የለው። ባልጠይቅስ? ጆንያ ጭነው በየቀኑ የሚመጡት ገበሬዎች ቡናቸውን ማን እያሸተተላቸው ነው? 

በሳምንቱ አጋማሽ ሱቁን ለልጄ ትቼ ሰቃ ወረድኩ። ለነጋዴው ቢሮ የታዘዘ ወረቀት ነበር፤ ራሴ ላድርስ አልኩ። ወንድሜ ሲያየኝ ተገረመ። «ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ለቀቁልሽ?» አለኝ። ለቅቀውልኝ ነበር።

የቅምሻ ክፍሉ ጠባብና ንጹህ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ በተርታ የተቀመጡ ብርጭቆዎች፣ በእያንዳንዱ ፊት በሳሕን ያልተቆላው ጥሬ ቡና። የተፈጨው ቡና በብርጭቆው እያለ በደረቁ ይሸተታል፤ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ከላይ የሚጋገረው አረፋ በማንኪያ ሲሰበር እንደገና ይሸተታል። ከዚያ ነው የሚቀመሰው፤ በማንኪያ ፉት፣ ድምፅ እያሰሙ፣ ከዚያ ትፍ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ ያልቆየች ረዳት አለችው። እሷ ትቀድማለች፣ እሱ ይከተላል።

ጥግ ላይ ተቀምጬ አየሁ። እሷ ብርጭቆው ላይ ስታጎነብስ እሱ ብርጭቆውን አያይም፤ ፊቷን ነው የሚያየው። አፍንጫዋ ሲነፋ፣ ከንፈሯ ሲሰበሰብ፣ ዓይኗ ሲበራ ያያል። ከዚያ በተራው ያጎነብሳል፣ ጥሬውን ቡና በጣቱ ያገላብጣል፣ ደረጃውን ይናገራል። እሷ «እኔም እንደዛ ነው ያልኩት፣ ጋሼ» ትላለች። ብልሃቱ ገረመኝ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁበት፤ ወዲያው ደግሞ በኩራቴ ተናደድኩ።

ከዚያ ልጅቷን ወደ ሚዛኑ ጠሯት። አንድ ናሙና ቀርቶ ነበር። ባለቤቱ በመስኮት ይታየኛል፤ ከደዶ በኩል የመጣ፣ ሸምገል ያለ ገበሬ፣ አግዳሚው ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጥሬ ቡናው ደግሞ መልክ የለውም፤ ደቃቅ፣ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል። ወንድሜ በጣቱ አገላበጠው፣ ፊቱን ኮስተር አደረገ፣ ውሃ አፈሰሰበት፣ አረፋውን ሰበረ፣ አጎነበሰ፣ ቀና ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ያኔ ነው ሽታው እኔ ጋ የደረሰው። የበሰለ ዘይቱን ሲቆረጥ ያለው ሽታ ነው፤ ክፍሉን ሞላው። ስለ ቅምሻ ምንም ባላውቅም አየሩን ሳብኩት፤ ፊቴም ፈገግ አለ። ይህን ፊት ከልጅነቴ ጀምሮ መደበቅ አልችልበትም።

ወንድሜ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ፊቴን እያየ ነበር። እስክሪብቶው ቆመ።  ከዚያ የጻፈውን ሰረዘ።  ልጅቷ ስትመለስ ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አደረገና «ይሄን አንቺ ቅመሺው» አላት።

ቀመሰች። «ጋሼ» አለች፣ «ይሄ እኮ በጣም ሪች ነው፤ ጣዕሙ ሙሉ ነው። ዛሬ ከቀመስነው ሁሉ ይበልጣል።»

«ያየሽውን ጻፊ። አንቺው ፈርሚ» አለና ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ። ጀንፈል ከሚሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች አጠገብ ቆሞ ፍሬውን በመዳፉ ያገላብጣል።

«ሳንቲምሽ አይሸትም፣ አይደል?» አለኝ፤ ዞር ሳይል።

«አይሸትም።»

«ምንም?»

«ምንም። እኔ ከመግዛቴ በፊት አልቋል።»

ፍሬውን አልጋው ላይ በተነው። «እኔ ደግሞ ሎሚ ሎሚ ይላል አልኩሽ» አለ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነው። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፤ እጄን ይዞኝ ሁለታችንም አልጋው ላይ ተደግፈን ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

በክረምቱ የያዘው ጉንፋን ነው። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሳሉ ለቀቀው፣ አፍንጫው ግን አልተመለሰም። ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል እያለ ቆየ። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ሳሙናውን ማሽተት እንደሆነ ነገረኝ። ለሚስቱም አልነገራትም።

«ሰውዬውን አየሽው?» አለኝ፤ አግዳሚው ላይ ወዳለው ገበሬ በአገጩ እያመለከተ። «ዓመት ሙሉ የለፋበትን በዓይኔ ብቻ ልጥልበት ነበር። ከእሱ በፊት ስንቱን ጥዬ ይሆናል። የኔም ፊርማ እንደ ደሴቶችሽ ሆነ እኮ። ስሜ አለበት፤ እኔ የለሁበትም።»

 ስለ ደሴቶቹ እንደዚያ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰዓት በፊት ለነጋዴው ሊነግራቸው ገባ። ውጭ ቀረሁ። በመስኮቱ ሁለቱ ሲነጋገሩ ይታየኛል፤ የሚሉት ግን አይሰማም፤ እኔ ደግሞ ምን ያህል ልሰማ እንደጓጓሁ እግዜር ያውቃል። ወንድሜ ቆሞ ነበር፤ እሳቸው እጁን ይዘው አስቀመጡት። ረዳቷ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ። «ግን እንዴት ብዬ ነው ጋሼን የምጠይቀው? ያስተማረኝ እሱ ነው።» በመጨረሻ ነጋዴው ወጡ። ሐጂ ናቸው፤ ከአፋቸው ብዙ ቃል አይወጣም።

«ጠረጴዛውን ልጅቷ ትያዘው» አሉ። «እሱ አልጋው ላይ ይቆማል፤ ማሰጣቱን ያያል። እሱ የጣለውን ሁሉ እንደገና እንቀምሰዋለን፤ ገና መጋዘን ያለ አለ። ስለሄደው አላህ ይቅር ይበለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቶሌ፣ ኦቦሌቲ፣ ነግሮናል፤ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ደህና ነው፣ እህቴ፣ ማለታቸው ነው። ደህና እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ወንድሜ ከክፍሉ ሲወጣ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ነበር የወጣው።

ያን ሰሞን ሽማግሌው ከአዲስ አበባ ደወሉ። ሳንቲሙን እመልስ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ፤ ገንዘቤን ሊሰጡኝ ተዘጋጅተዋል። አልመልስም አልኳቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ይህችን ብረት እያነሳ በየጊዜው አሽቶ አሽቶ ሽታውን አሟጦ ወስዶታል። ምን እንዳገኘበት ማወቅ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ሳንቲም በመያዣው ታሽጎ እንዲቀመጥ ነው የሚሠራው፤ ያ ሰው ግን ተጠቀመበት። ሰብሳቢዎች በዚህ ያዝናሉ። እኔ ቀናሁበት።

ወንድሜን ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ፤ ጠንከር ያለ ሽታ ያላቸውን ጥቂት ነገሮች በየጠዋቱ ማሽተት፣ እያሸተቱም ስማቸውን ማሰብ ይረዳል አለ። ወንድሜ ወደ ሰቃ ከመሄዱ በፊት ሱቄ ይገባና ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ይቀመጣል። ሎሚ አስሸትተዋለሁ፣ ቅርንፉድ አስሸትተዋለሁ፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት። ዓይኑን ጨፍኖ ስማቸውን ይጠራል፤ እያወቀ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ስለለመደው። አንድ ቀን ቅደም ተከተሉን ቀየርኩበት። ሎሚውን ጤና አዳም አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀድሜ እነግረዋለሁ፤ አልፈትነውም። አንድ ጠዋት ቅርንፉዱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየና «የሆነ ነገር…» ብሎ ተወው። ደግሜ አልጠየቅኩትም፤ ለእኔ ቀላል እንዳልነበረ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

ሥራውን አልወደደውም። አልጋው ላይ ሲቆም ሰው «ቀማሹ» ብሎ ይጠራዋል፣ ከዚያ አፉን ይይዛል። እሱ ይስቃል፤ ማታ ለሚስቱ ምን እንደሚላት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከሎሚው በፊት ከኪሱ ትንሽ የወረቀት ከረጢት አወጣ። ረዳቷ በዚያው ዕለት ጠዋት የቆላችው የዘንድሮ ቡና ነው። ከፍቶ ወደ እኔ ገፋው።

«ምን ይሸታል?» አለኝ።

«ቡና ነዋ።»

ጠበቀኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እንዲህ ሲመልስለት ሲናደድ አውቀዋለሁ፤ አሁን ግን አልተናደደም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ከረጢቱን አነሳሁና ደግሜ አሸተትኩ። የእሱን ቃላት ልጠቀም ፈለግኩ፣ አልመጡልኝም። ያለኝ የሱቄ ነገር ብቻ ነው።

«አዲስ ደብተር መጀመሪያ ሲገለጥ ያለው ዓይነት» አልኩት። «ከሥሩ ደግሞ፣ እርሳስ ሲቀረጽ እንጨቱ የሚሸተው። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።»

ዓይኑን ጨፈነ።

«ቀጥይ» አለኝ።